ድሬሰሩን የጠራችው ሴት

የመቶ አለቃ አሰግድ ወልደጻድቅ ከወይዘሮ አልጣሽ ሻይ ቤት ግቢ ሲደርስ አራት ልጆች ከጥዶቹ ሥር በተነጠፈ ሰሌን ላይ ተጋድመው አገኘ። ከአራቱ አንዷ የስድስት ዓመት ልጁ ብርቄ ነበረች።

ቀኑ እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። አሰላ ውስጥ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ፣ በሳጉሬ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደዚህ ግቢ ይመጣል። ወይዘሮ አልጣሽ ጣሊያን ጥሎት በሄደ ምድጃ የሚጋግሩት ፉርኖ ዳቦ ከነትኩሳቱ ይቀርባል። ጭኮ አለ፣ እንቁላል አለ፣ እርጎ አለ። ልጆቹ በጥዶቹ መሐል ሲሯሯጡ የሚቆጣቸው የለም። አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ነርሷ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው ሁሉ እዚህ ቁጭ ብሎ ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ ሲበላ ዘመድ ቤት የመጣ ያህል ይሰማዋል። አሰግድም ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። በዚያን ቀን ግን ተረኛ ስለነበረ ሚስቱ ወለላ ልጅቱን ይዛ ቀድማው ነበር።

ብርቄ ፊቷ በርበሬ መስሏል። የዐይኗ ብሌን ሰፍቶ ዐይኗን በሙሉ ጥቁር አድርጎታል። በጣቶቿ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር ትለቅማለች።

«ብርቄ! እኔ ነኝ፤ አባባ!»

«ድመቷን ከላዬ ላይ አንሷት» አለች ልጅቱ። ድመት አልነበረም።

የክሊኒኩ ድሬሰር ፍሰሐ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በአንድ እጁ የሞቀ የጨው ውሃ ይዞ ከልጅ ወደ ልጅ እየተዘዋወረ ነው። ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሦስት ጊዜ አስመልሻታለሁ። የበሉት አስተናግር ነው፤ ፍሬው። አይዞህ፤ አራቱም ይተርፋሉ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ቶሎ ስለደረስኩ ነው እርግጠኛ የሆንኩት። በሩን ስገባ ገና አንዷ ብቻ ነበረች መለፍለፍ የጀመረችው። ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ቢሆን ይህን ቃል አልሰጥህም ነበር።»

ወለላ የልጅቱን ራስ በጭኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። «ወደ እሱ መልእክት የላከውን ሰው» አለች «እግሩን ስሜ ነው የማመሰግነው።»

ወይዘሮ አልጣሽ ከወላጆቹ አንዱ የላከ መስሏቸዋል። ወላጆቹ ደግሞ ወይዘሮ አልጣሽ የላኩ መስሏቸዋል። በዚያ ግርግር መሐል ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

*

ከወጥ ቤቱ በኩል ጩኸት ተነሣ። አሰግድ ሮጦ ሲደርስ አንድ የአውራጃ ጸሐፊ፣ ሴት ልጁ ከታመሙት አንዷ የሆነች፣ የማር ሻጯን የራቢያን ክንድ ጨምድዶ ይዟል። ራቢያ ከጭላሎ ሥር በየሳምንቱ በቅል ማር ይዛ የምትወርድ መበለት ናት።

«ማሩ ነው!» ይላል ጸሐፊው። «የልጆቹ ፊት በማር ተለቅልቋል! እሷ ናት የፈጀችን!»

«ልቀቃት» አለ አሰግድ።

«የመቶ አለቃ፣ የእርስዎም ልጅ እኮ—»

«የእኔም ልጅ ናት። ልቀቃት።»

ራቢያ ክንዷን እያሻሸች አሰግድን አየችው። «ያ ረቢ! እኔ ልጅ ወልጄ አላውቅም እንዴ ጌታው? አራት ወልጄ ሁለት ቀብሬአለሁ። ለሰው ልጅ መርዝ የማመጣ ነኝ?» ብላ ቅሉን ከፈተች፤ እጇን እስከ አንጓዋ ነክራ አወጣችና ሁሉም እያያት ላሰች። ደግማ ነከረች።

አሰግድም ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ማር ማር ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ ዛሬ ያቀረቡት ማር ከዚህ ቅል ነው?»

«ከዚሁ ነው ልጄ። ሠላሳ ሰው በልቶታል። እኔም በልቻለሁ።»

«እንግዲያው ማሩ ምንም የለበትም» አለ አሰግድ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይህችን ሴት የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚገናኘው።» ወደ ወላጆቹ ዞረ። «አራቱ ልጆች በልተው ሌላው ያልበላው ምንድን ነው?»

ወላጆቹ እርስ በርስ ተጠያየቁ። በመጨረሻ የአስተማሪው ሚስት «አቶ መርሻ ሳህናቸውን ሰጥተዋቸው ነበር» አለች። «የማር ዳቦአቸውን። አራቱ ተሻምተው ጨረሱት።»

አቶ መርሻ ከሳጉሬና ከኢተያ እህል እየሰበሰቡ የሚነግዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አሰግድ በዐይኑ ፈለጋቸው። ከግቢው ወጥተው ሄደዋል።

*

አለቃው ሻምበል በዚያው ቀን ጠየቀው። «ልጅህ ያለችበት ጉዳይ ነው። ትችለዋለህ? ካልቻልክ ንገረኝ፤ ሌላ ሰው ግን የለኝም።»

«እችላለሁ» አለ አሰግድ።

ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን የአቶ መርሻን ሳህን አግኝቶ ለፍሰሐ ሰጠው። በጠርዙ ላይ በቀረው ቅቤ ውስጥ ጠቆር ያለ ድቃቂ ነበር። ፍሰሐ በጣቱ አሽቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «የአስተናግር ፍሬ ነው፤ ተወቅጧል። ሰው ነው ያስገባው፤ በራሱ አልገባም።»

በወጥ ቤቱ ሦስት ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮ አልጣሽ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እታገኘሁ፣ ከመስቀል ወዲህ የተቀጠረችው ሻይ አፍዪዋ የሺሃረግ።

«የእሳቸውን ሳህን እኔ ነኝ የማዘጋጀው» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ዳቦውን ከፍዬ፣ ቅቤውን ቀብቼ፣ ማሩን አፍስሼ መስኮቱ ላይ አኖርኩት። እሳቸው መጠበቅ አይወዱም፤ ራሳቸው መጥተው ያነሡታል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው።»

«መስኮቱ ላይ ምን ያህል ቆየ?»

«እኔ እንጃ። እንቁላል ስጠብስ ነበር።»

እታገኘሁ ከምድጃው ፊት ንቅንቅ አላለችም፤ ሁሉም መስክሮላታል። የሺሃረግ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ዐይኖቿ አብጠዋል፤ የዚያን ቀን ግን ያላለቀሰች ሴት አልነበረችም።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ሻዩ ጋ።»

«መስኮቱን የነካ ሰው አላየሽም?»

«አላየሁም ጌታዬ። ልጆቹ... ልጆቹ እንዴት ሆኑ?»

«ይድናሉ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። አሰግድ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

*

ሰኞ ጠዋት አቶ መርሻን በእህል ማከማቻቸው አገኛቸው። ግራ ጉንጫቸው አብጧል።

«ለምን ጥለው ሄዱ?»

«ሰው ሁሉ እኔን ሲያየኝ ጊዜ ፈራሁ።»

«ስድስት ዓመት የበሉትን ሳህን በዚያች ቀን ለምን ሳይነኩ ሰጡ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነዋ!» ጉንጫቸውን አሳዩት። «ጣፋጭ ሲነካው ያሳብደኛል። ሳህኑን አንሥቼ ሳበቃ ታወሰኝ። ልጆቹ አጠገቤ ይጫወታሉ፤ ይብሉት ብዬ ሰጠሁ። እኔ ለልጅ ክፉ አልመኝም፤ ወላድ አይደለሁም፤ እነሱን ሳይ ነው ደስ የሚለኝ።» እንባቸው መጣ።

አሰግድ ወደ ክሊኒኩ ሄዶ ፍሰሐን ጠየቀው። እውነት ነው፤ አቶ መርሻ ቅዳሜ ዕለት ጥርሳቸውን አሳይተዋል፤ ለማክሰኞ ተቀጥረዋል። ይህን ከሰማ በኋላ ተመልሶ መጣ። ያሁኑ ጥያቄ ሌላ ነበር።

«አቶ መርሻ፣ ጥርስዎን እንደሚያምዎት ማን ያውቃል?»

«ከድሬሰሩ በቀር ማንም።»

«እንግዲያው መርዙን ያስገባው ሰው ሳህኑን እርስዎ እንደሚበሉት ነው የሚያውቀው። ለልጆቹ አልነበረም። ለእርስዎ ነበር።»

ሰውየው ቀስ ብለው በጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«ጠላት አለዎት?»

«የለኝም።»

«አስተናግር ለመግደል የሚፈለግ መድኃኒት አይደለም» አለ አሰግድ እያሰበ። «ስሙም እንደሚለው ነው። የበላው ሰው ይለፈልፋል፤ በሆዱ የደበቀውን ያወጣል ይባላል።»

«እኔ የደበቅሁት ነገር የለም!»

ደብቀዋል ብሎ የከሰሳቸው ግን አልነበረም። አሰግድ ጥቂት አያቸውና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሶች የሴቶቹን ክፍል ሲፈትሹ ከእታገኘሁ አልጋ ሥር የደረቀ የአስተናግር ቅጠል በጨርቅ ተቋጥሮ አገኙ። ከተማው በአንድ ጊዜ እሷ ናት አለ። እታገኘሁ ጣቢያ መጥታ ስትቀመጥ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

«አስም አለብኝ» አለች እያፏጨች። «ዱቄቱ ነው ያመጣብኝ። ሲብስብኝ ቅጠሉን አጤሰዋለሁ፤ ይከፍትልኛል። ድሬሰሩን ጠይቁት፤ ተይ ብሎኛል፤ ግን ሌላ ምን አለኝ?»

ፍሰሐ እውነት ነው አለ። ደግሞም ቋጠሮው ውስጥ ቅጠል እንጂ አንድም ፍሬ አልነበረም። አሰግድ ቅጠሉን አስቀርቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ አሰናበታት።

ሁለት ቀን አለፈ፤ በእጁ ምንም የለም። የሚያውቀው አቶ መርሻ የሆነ ነገር እንደሚደብቁ ብቻ ነው።

*

ማክሰኞ ለምሳ ቤቱ ገባ። ብርቄ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ቁጭ ብላ፣ አባቷን ለይታ አወቀችውና እጆቿን ዘረጋች። አሰግድ አቅፏት ብዙ ቆየ። ወለላ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ድፎ ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላለች።

«ይህ ለማን ነው?»

«ድሬሰር ፍሰሐን ላስጠራው ሰው ነው፤ ፈልግልኝ። አንተ ክፉ የሠራውን ትፈልጋለህ፤ ደግ የሠራውን የሚፈልገው የለም። ወላጆቹን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ማንም ‹እኔ ነኝ› አላለኝም።»

«ወይዘሮ አልጣሽስ?»

«እሳቸው ልጆቹ መታመማቸውንም ያወቁት ከእኛ በኋላ ነው። ሥራ በዝቶባቸው ነበር፤ ሻይ እንኳ ራሳቸው ነው የቀዱልን። ሦስት ጊዜ ‹ሻይ› ብለን ጠርተን የሚሰማ ስናጣ ‹ይቺ ልጅ የት ገባች› እያሉ ይዘው መጡ።»

አሰግድ ይህን ሰማ እንጂ ልብ አላለውም። ዳቦውን አንሥቶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ለምርመራ አልነበረም የሄደው፤ ለምስጋና ነው።

የክሊኒኩ ዘበኛ ሁሴኖ የተባለ ሸምገል ያለ ሰው ነው። ዳቦውን አይቶ ሣቀ።

«እኔ ምን አደረግሁ? የነገረችኝን ነገርኩ። ያቺን ሴት ፈልጋት።»

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት። ሮጣ መጣች፤ ትንፋሽ የላት። ‹ኢጆሌን ሱሚ ኛቴ!› አለችኝ። ልጆች መርዝ በልተዋል ማለቷ ነው። ‹ምንድን ነው መርዙ?› ብላት ‹አስተናግር፣ አራት ናቸው፣ አልጣሽ ሻይ ቤት› አለችና እዚያው ዞራ ሮጠች። አረፍ በይ እንኳ ሳልላት።»

«ኦሮሞ ናት?»

«አይ፣ አማራ ናት። ግን ኦሮምኛውን ሞልታ ነው የምትናገረው፤ የጢቾ አነጋገር። ሚስቴ የጢቾ ናት፤ አይጠፋኝም። ትከሻዋ ላይ እርጥብ ፎጣ ነበር።»

አሰግድ ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«አባቴ፣ ይህን በደንብ አስብልኝ። ስንት ሰዓት ነበር?»

«እኔ ሰዓት የለኝም። ግን የናዝሬቱ አውቶቡስ ጥሩንባ እየነፋ በፊቴ ሲያልፍ ነው።»

የናዝሬቱ አውቶቡስ ከአሰላ የሚነሣው ልክ በአራት ሰዓት ነው። ብርቄ ከልጆቹ ሁሉ መጀመሪያ የታመመችው ደግሞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፤ ወለላ ሰዓቷን አይታ ነግራዋለች። ይህች ሴት ከሻይ ቤቱ እስከ ክሊኒኩ ሮጣ፣ ደርሳ፣ የመርዙን ስምና የልጆቹን ቁጥር ስትናገር ገና አንድም ልጅ አልታመመም ነበር።

አሰግድ ከበሩ አጠገብ በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ይቺ ልጅ የት ገባች» የሚለው የወይዘሮ አልጣሽ ቃል ያን ጊዜ ነው በጆሮው የጮኸው።

*

ረቡዕ ጠዋት ሻይ ቤቱ ሰው አልነበረበትም። ከእሑድ ወዲህ ማንም አልመጣም። የሺሃረግ ማንም ያልጠጣባቸውን ብርጭቆዎች ታጥባለች። አሰግድ ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልጄ ዛሬ ተነሥታ ቆመች» አላት።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ እጇ እርጥብ ስለሆነ በክንዷ ጠረገችው።

«የሺሃረግ፣ አውቶቡሱ ሲነሣ አንድም ልጅ አልታመመም ነበር።»

ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። አልካደችም። ካልካደች በኋላ ደግሞ ሸክም የወረደለት ሰው መሰለች።

«ባሌ ወልደ ሚካኤል ይባላል» አለች። «የጢቾ ሰዎች ነን። የዛሬ ሁለት ክረምት አቶ መርሻ ከዋቤ ወንዝ ማዶ እህል ለማምጣት በቅሎ የሚነዳ ሰው ፈለጉ፤ ከእሳቸው ጋር ሄደ። እሳቸው ተመለሱ፤ እሱ አልተመለሰም። ሄጄ ብጠይቃቸው ‹እዚያው ማዶ ጥሎኝ ሄደ፤ ሌላ ሴት ሳያገኝ አልቀረም› አሉኝ። የእኔ ባል እንዲህ አያደርግም። ሰው ግን አመናቸው። እናቱ ሳትቀር አመነቻቸው። ሞቷል ብዬ እንዳላለቅስ ‹በሕያው ላይ ታሟርታለች› ይሉኛል። ይመጣል ብዬ እንዳልጠብቅ ልቤ አይመጣም ይለኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኜ ኖርኩ።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ተናግሬአለሁ። ‹ባልሽ ከድቶሽ ነው› ተብዬ ተመለስኩ።»

«ቀጥዪ» አላት አሰግድ።

«አቶ መርሻ እሑድ እሑድ እዚህ እንደሚመጡ ሰማሁና መጥቼ ተቀጠርኩ። ፊታቸውን ካየሁ እውነቱን አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ብቻ አይተውኝ ነበርና አላወቁኝም። ሳቁ፣ በሉ፣ ሄዱ። እታገኘሁ አስተናግር የበላ ሰው የሆዱን ይዘከዝካል ስትል ሰማኋት። ፍሬውን ከመንገድ ዳር ለቅሜ ወቀጥኩት። መግደል አላሰብኩም። በሰው ሁሉ ፊት ተናግረው ሁሉም እንዲሰማ ነው የፈለግሁት። ሳህኑ ላይ ነስንሼ ማንቆርቆሪያውን ልሞላ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ስመለስ...»

ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ስመለስ ሳህኑ ልጆቹ መሐል ነው። ጨርሰውታል። ትንሿ ጣቷን ትልሳለች።»

«ለምን አልጮህሽም?»

«ብጮህ ይይዙኛል፤ ያገላቱኛል፤ ‹ማን ናት፣ ለምን› ሲሉ ጊዜው ያልቃል ብዬ ነው። ፈርቼም ነው፤ አልዋሽዎትም። ግን እግሬ ወዲያው ወደ ክሊኒኩ ነው የሮጠው። እንዲህ ሮጬ አላውቅም ጌታዬ። መመለሻው ላይ ድሬሰሩ በቢስክሌት ሲያልፈኝ መንገዱ ላይ ተንበረከክሁ።»

አሰግድ ተነሣ። ይህችን ሴት ነበር ሚስቱ እግሯን ልስም የምትለው። ይህችን ሴት ነበር እሱ ካቴና የሚያስገባው። ሊላት የፈለገው ነገር ነበር፤ ደንብ ልብሱን ለብሶ ሊለው አልቻለም።

«ነጠላሽን ውሰጂ» አለ። «ጣቢያው ብርድ ነው።»

*

በዚያኑ ዕለት አቶ መርሻን ጠርቶ ሁሉንም ነገራቸው። ስሟን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ስለዚህ ልጆቹ የተመረዙት በእኔ ነው» አሉ። «እኔ ደብቄ፣ በእኔ ምክንያት፣ ከእኔ እጅ።»

«የደበቁትን ይንገሩኝ።»

«ሞቷል። ዋቤ ሞልቶ ነበር። ‹ይጉደልልን፣ ሁለት ቀን እንጠብቅ› አለኝ። እኔ ቸኮልኩ። በቅሎዎቹን ይዞ ቀድሞ እንዲገባ አዘዝኩት፤ ገባ። ውሃው ከመሐል ወሰደው።» በእጃቸው ፊታቸውን አሹ። «ደሙን ከእኔ ይፈልጋሉ ብዬ ፈራሁ። ጥሎኝ ሄደ አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለስ አቃተኝ። በኋላ በዚያ ሳልፍ ማዶ ያሉ ሰዎች አግኝተው እንደቀበሩት ሰማሁ፤ ቦታውንም አሳይተውኛል።»

«ቃልዎን ይሰጣሉ?»

«እሰጣለሁ። እባክህ መጀመሪያ ለእሷ ንገራት። ከድቶሽ አይደለም በላት።»

አሰግድ ሄዶ ነገራት። የሺሃረግ ጮክ ብላ አንድ ጊዜ አለቀሰች፤ ሁለት ዓመት ያመቀችው ልቅሶ ነበር። 

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወለላ ምሳ ቋጥራ ከጣቢያው በር ቆመች። ለባሏ አልነበረም። እስረኛዋ አሰላ ውስጥ ስንቅ የሚያመጣላት ዘመድ አልነበራትም። ወለላ የሺሃረግን ባየች ጊዜ ምን ልትላት እንዳሰበች አላወቀችም፤ ሁለቱም ቆመው ተያዩና ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ የአስተማሪው ሚስት ተራ ያዘች። እታገኘሁ ትኩስ ዳቦ ላከች፤ ራቢያ በቅል ማር። አስተማሪው ለዳኛው የሚሰጥ ማመልከቻ ጻፈ፤ ‹እኛ የልጆቹ ወላጆች ይህች ሴት ስላጠፋችው ጥፋት ምሕረት እንለምናለን፣ ልጆቻችንን ስላዳነችልን ደግሞ ምስጋና እናቀርባለን› የሚል። ያ የአውራጃ ጸሐፊ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። «ይቅር እላለሁ እንጂ አላመሰግንም» አለና ‹ምስጋና› የሚለውን ሠርዞ ፈረመ። ሌሎቹ እንደገና ጽፈውበት ፈረሙ።

*

ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ የባሏን መቃብር እንድታይ በዳኛው ፈቃድ፣ አሰግድ የሺሃረግን በሁለት ፖሊሶች አጅቦ በጢቾ በኩል በበቅሎ ወደ ዋቤ ወረደ። ሻምበሉ ሌላ ሰው እንዲልክ ነግሮት ነበር፤ እኔው እሄዳለሁ አለ። እጇን አላሰራትም።

ወንዙ በዚያ ወራት ጎድሎ በድንጋዮቹ መሐል ዝም ብሎ ይፈስ ነበር፤ በቀላሉ ተሻገሩት። ማዶ ካለው መንደር አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ወረዱ። አማርኛ አይችሉም። አሰግድ ኦሮምኛ አይችልም። የሺሃረግ በመሐላቸው ቆመች።

ሽማግሌው በበትራቸው ከትልቅ ግራር ሥር የተከመረ ድንጋይ አሳይተው ቀስ ብለው ረጅም ነገር ተናገሩ። እሷ ሰማች። 

«ምን አሉ?» አለ አሰግድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውሃው ከወሰደው በሦስተኛው ቀን አገኘነው ይላሉ» አለች። «አንገቱ ላይ ማተብ ስላየን ክርስቲያን መሆኑን አወቅን ይላሉ። ቄስ እንዲመጣ ወደ ጢቾ ሰው ልከው ነበር፤ ወንዙ አላሻግር ብሎት ተመለሰ። ስለዚህ እኛው እንደምናውቀው አጥበን ቀበርነው፣ ማተቡን አልፈታነውም ይላሉ። በየክረምቱ ጎርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ እንጨምርበታለን። እናት ወይም ሚስት ትኖረዋለች፤ አንድ ቀን መጥታ ‹እንዴት አድርጋችሁ ቀበራችሁት› ብላ ብትጠይቀን የምንመልሰው እንዲኖረን ብለን ነው... ይላሉ።»

ከዚያ በላይ መተርጎም አልቻለችም። ተደፍታ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። እሳቸው ደንግጠው በትከሻዋ ይዘው አነሧትና በኦሮምኛ አንድ ቃል ደጋግመው እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ከዚያም ዘወር ብለው ብቻዋን ተዉአት።

አሰግድ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ከድንጋዩ አጠገብ ተንበርክካ ስታለቅስ፣ ባሏን በስሙ እየጠራች ስታወራው ቆይቶ፣ ድምፅዋ ሲያርፍ ቀረባት።

«የሺሃረግ፣ ብርቄን ስላተረፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ቀና ብላ አየችው። «እኔን ነው የሚያመሰግኑኝ ጌታዬ?»

«አንቺን ነው። እስካሁን መናገር ነበረብኝ።»

ድንጋዩን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ፣ «እንግዲያው ትንሽ ልቀመጥ ይፍቀዱልኝ» አለች። «ለእሱ ገና ብዙ ያልነገርኩት አለ።»

አሰግድ ወደ ፖሊሶቹ ዞረ።

«በቅሎዎቹን አራግፉ» አለ። «ዛሬ አንመለስም።»